እህልና ስኳር ከተዋችሁ በኋላ ንጹህ ምግብ እንዴት ትመርጣላችሁ? ከማሸጊያው ጀርባ የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

እህል ትቼ ስኳር መቀነስ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ፓኮ ብስኩት ገዛሁ። ከፊቱ በትልቁ "ከእህል ነፃ" ይላል። ከስሩ ደግሞ "የተጣራ ስኳር ያልገባበት"። እሰይ፣ የሚበላ ነገር አገኘሁ ብዬ ከሻይ ጋር ስድስቱንም በላኋቸው። ጀርባውን ያየሁት ፓኮውን ልጥል ስል ነው። መጀመሪያ የተጻፈው የካሳቫ ስታርች ነው፤ ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር የሚፈርስ ነጭ ዱቄት። ቀጥሎ የተምር ሲሮፕ። ቀጥሎ የፓልም ዘይት። ፊት ለፊት ፎቶው በትልቁ ያለው አልሞንድ የመጣው አምስተኛ ላይ ነው። ሰንጠረዡ ላይ "አንድ ጊዜ የሚበላ መጠን" የተባለው ሁለት ብስኩት ሲሆን ለሁለቱ 7 ግራም ስኳር ይላል። እኔ ስድስት በልቻለሁ። 21 ግራም። በሻይ ማንኪያ ሲሰላ ከአምስት ማንኪያ በላይ ስኳር ማለት ነው።

ማንም ውሸት አልጻፈም። እውነትም እህል የለውም፤ ነጭ ስኳርም አልገባበትም። ነገር ግን እህሉ በወጣበት በር ስታርች ገብቷል፣ ስኳሩ በወጣበት ደግሞ ሲሮፕ። ብዙ ሰው "ሁሉን ትቼ ምንም ለውጥ አላየሁም" ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። መተዉ ከባድ አይደለም። ዋናው ነገር በቦታው የሚገባው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል፣ እባካችሁ እንዳትዘሉት። ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ስታርችና ስኳር በድንገት ስትቀንሱ የመድኃኒቱ መጠን ሊበዛባችሁ ይችላል፤ ስኳራችሁም ከሚገባው በታች ይወርዳል። አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የኩላሊት ችግር ያለበትም እንደዚሁ። ሴሊያክ (ስንዴ ውስጥ ያለ ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ይኖርብኝ ይሆን ብላችሁ የምትጠራጠሩ ደግሞ ምርመራውን ስንዴ ሳትተዉ አድርጉት፤ ከተዋችሁ በኋላ የደም ምርመራው ሕመሙ የሌለባችሁ ሊያስመስል ይችላል።

1. የምትተዉትን ለዩ

በእኛ ቋንቋ "እህል" ሰፊ ቃል ነው። "እህል አልቀመስኩም" ያለ ሰው ምንም አልበላሁም ማለቱ ነው። ሽምብራውም፣ ምስሩም፣ ባቄላውም እህል ይባላል። ከእህል ነፃ አመጋገብ ሲባል ግን የሚወጣው የሣር ዝርያ የሆነው ዘር ነው፦ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላና መሰሎቻቸው። ጥራጥሬ ሌላ ቤተሰብ ነው። ጥራጥሬንም የሚተዉ ሰዎች አሉ። እኔ እበላለሁ፣ ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ኪኖዋ፣ ባክዊትና አማራንት የሣር ዘር ስላልሆኑ "ከእህል ነፃ" በሚል ስም ይሸጣሉ። ስታርቻቸው ግን ከእህል ብዙ አይርቅም። ዓላማችሁ የደም ስኳርን ማረጋጋት ከሆነ እንደ እህል ቁጠሯቸው።

"ከግሉተን ነፃ" የሚለው ጽሑፍም አይሸውዳችሁ። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ሬይ በሚባለው የስንዴ ዘመድ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ሩዝና በቆሎ ግሉተን የላቸውም፣ እህል ግን ናቸው። ከግሉተን ነፃ የሚባለው ዳቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከሩዝ ዱቄትና ከበቆሎ ስታርች ስለሆነ ለእናንተ አይሆንም።

2. ከታሸገው በፊት ሳህኑን ሙሉ

ሰው አመጋገብ ሊቀይር ሲል መጀመሪያ የሚፈልገው የዳቦ ምትክ፣ የብስኩት ምትክ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አሁን የምመክረው ተቃራኒውን ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም ምትክ አትግዙ። የሳህኑን ግማሽ አትክልት አድርጉት፦ ጎመን፣ ቆስጣ፣ አበባ ጎመን፣ ዝኩኒ፣ ደበርጃን፣ ቃሪያ፣ እንጉዳይ። አንድ አራተኛውን እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ ወይም ጥራጥሬ። የቀረውን አቮካዶ፣ የወይራ ዘይት፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ ይሙላው። እነዚህ ነገሮች ጀርባቸው ላይ የሚነበብ ዝርዝር የላቸውም። ያለ ብዙ ድካም ንጹህ የሚሆን ምግብ ይኸው ነው።

እህል ሲወጣ አብሮት የሚሄድ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፤ ፋይበር፣ ሆድ የማይፈጨው ግን ሆድን የሚያላላው የተክል ክፍል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም በተፈጥሮው ከምግብ የሚገኝ ፋይበር እንዲበላ ይመክራል። እህል ትቶ ሥጋና ቺዝ ብቻ የሚበላ ሰው እዚህ ቁጥር ላይ አይደርስም፤ ሆዱ ይደርቃል፣ ከዚያ "አመጋገቡ አልተስማማኝም" ይላል። ጥራጥሬን ያልተውኩት ለዚህ ነው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ወደ 15 ግራም ፋይበር አለው። አንድ መካከለኛ አቮካዶ ወደ 10 ግራም ይጠጋል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 4 ግራም ገደማ ይጨምርላችኋል። ተልባውን ፈጭታችሁ ብሉት፤ ሳይፈጭ የተዋጠ ፍሬ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል።

ድንችና ስኳር ድንች እህል አይደሉም፣ የተጨመረ ስኳርም የላቸውም። ግን ስታርች ናቸው። አንድ መካከለኛ ድንች ከአትክልትና ከዓሣ ጋር ምንም አይላችሁም። አንድ ትሪ ጥብስ ድንች ግን ሌላ ነገር ነው።

3. ማሸጊያውን ገልብጡ

ፊቱ ማስታወቂያ ነው፤ እውነቱ ጀርባው ላይ ነው። መጀመሪያ የምታነቡት የይዘት ዝርዝሩን ይሁን፣ ቁጥሩ ይቆይ። በአብዛኛው ዓለም ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ በብዛት የገባው ቀድሞ፣ በትንሹ የገባው መጨረሻ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ነገሮች ምግቡ ምን እንደሆነ ይነግሯችኋል። የአልሞንድ ብስኩት ተብሎ አልሞንዱ አምስተኛ ከሆነ የአልሞንድ ብስኩት አይደለም፣ በቃ።

እዚህ ላይ አንድ ዘዴ አለ። አንድ አምራች 12 ግራም ስኳር ቢያስገባ "ስኳር" የሚለው ቃል ዝርዝሩ አናት ላይ ይወጣበታል። ያንኑ 12 ግራም ከፋፍሎ 4 ግራም የተምር ሲሮፕ፣ 4 ግራም ማር፣ 4 ግራም የፖም ጭማቂ ክምችት (ውሃው ወጥቶ የወፈረ ጭማቂ) ቢያደርገው ግን ሦስቱም ወደ ታች ይወርዳሉ። ስለዚህ አንድ ምርት ላይ ሦስት ዓይነት ጣፋጭ ካያችሁ በአእምሯችሁ ደምሯቸውና ወደ ላይ አውጧቸው።

ስኳር ብዙ ስም አለው። በ"ኦዝ" የሚያልቁት፦ ዴክስትሮዝ፣ ፍሩክቶዝ፣ ማልቶዝ፣ ሱክሮዝ። ሲሮፕ የሚባል ሁሉ፦ የበቆሎ፣ የሩዝ፣ የአጋቬ፣ የሜፕል፣ የተምር። የፍራፍሬ ጭማቂ ክምችት። የብቅል ተዋጽኦ። የኮኮናት ስኳር፣ ሞላሰስ፣ ማር። ማልቶዴክስትሪንን ደግሞ ለብቻው ያዙት። የሚሠራው ከበቆሎ፣ ከሩዝ፣ ከስንዴ ወይም ከድንች ስታርች ነው። ብዙም ስለማይጣፍጥ ምላስ አይነቃበትም፣ የደም ስኳርን ግን በጣም በፍጥነት ከፍ ያደርጋል። ቺፕስ ላይ፣ የቅመም ድብልቅ ላይ፣ የፕሮቲን ዱቄት ላይ ፈልጉት።

ሌላው ፈተና ቀላል ነው። "ይህን ነገር ቤቴ ኩሽና ውስጥ አስቀምጬ አውቃለሁ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። የብራዚሉ የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ካርሎስ ሞንቴሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ምግብን በአቀነባበሩ መጠን መመደብ ሲጀምር ያነሳው ሐሳብ ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ የሚለየው ቤት ውስጥ የማንጠቀምባቸው ነገሮች ስላሉበት ነው። ይህን ስል ግን የማታውቁት ስም ሁሉ መርዝ ነው ማለቴ አይደለም። አስኮርቢክ አሲድ ቫይታሚን ሲ ነው። ሲትሪክ አሲድ ሎሚ ውስጥም አለ። ስሙ ስለረዘመ ብቻ አትፍሩ፤ ብዛቱንና ቦታውን እዩ።

4. ቁጥሩን ወደ ማንኪያ ቀይሩት

4 ግራም ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ይህችን አንዲት ቁጥር ከያዛችሁ በቂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ ከተጨመረ ስኳር፣ ከማር፣ ከሲሮፕና ከጭማቂ የሚመጣው ስኳር ከዕለቱ ጉልበት 10 በመቶ በታች እንዲሆን ይላል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራም ማለት ነው። ከ5 በመቶ በታች ቢሆን፣ ማለትም 25 ግራም ገደማ፣ የበለጠ ጥሩ ነው ይላል። 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ወደ 35 ግራም ስኳር አለው። አንድ ጣሳ ጠጥታችሁ የቀኑን 25 ግራም አለፋችሁ።

አንድ ቀን ቤት ውስጥ ይህን ሞክሩት። ባዶ ብርጭቆ አስቀምጡ፣ አጠገቡ ስኳርና ማንኪያ። የምትወዱትን እርጎ ወይም ጭማቂ ጀርባ አንብቡና ግራሙን ለ4 አካፍላችሁ በማንኪያ ብርጭቆው ውስጥ ጨምሩ። እኔ ለ250 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ አምስት ማንኪያ ስጨምር እጄ ቆመ። ቁጥሩን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ነጩን ክምር እስካይ ድረስ ግን ምንም ስሜት አልሰጠኝም ነበር።

ሁለት ምርት ስታወዳድሩ ሁልጊዜ በ100 ግራም አወዳድሩ። "አንድ ጊዜ የሚበላ መጠን" የሚወስነው አምራቹ እንጂ የእናንተ ሆድ አይደለም። ካርቦሃይድሬት የምትቆጥሩ ከሆነ ደግሞ ይህን እወቁ፦ አሜሪካ ውስጥ በሚታተም ሰንጠረዥ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬቱ ፋይበርን ይጨምራል፣ በአውሮፓ ኅብረት ግን ፋይበር ለብቻው ነው የሚጻፈው። ከአውሮፓው ላይ ፋይበር ከቀነሳችሁ ሁለት ጊዜ ቀነሳችሁ ማለት ነው።

"ስኳር አልተጨመረበትም" ማለት ስኳር የለውም ማለት አይደለም። "ከስኳር ነፃ" የሚለው ደግሞ በአሜሪካ ደንብ በአንድ መመገቢያ መጠን ከ0.5 ግራም በታች ማለት ነው።

እርጎ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል፤ ምንም ያልተጨመረበት እርጎም ስኳር ይላልና። እሱ ላክቶስ የሚባለው የወተቱ የራሱ ስኳር ነው፣ በ100 ግራም 4 ወይም 5 ግራም ገደማ። ባለ 150 ግራም የእንጆሪ እርጎ 18 ግራም ስኳር ካለ ወደ 7ቱ የወተቱ ነው፤ የቀረው 11 ግራም፣ ሦስት ማንኪያ ሊሆን ትንሽ የቀረው፣ አብዛኛው የተጨመረ ነው። ባዶውን እርጎ ግዙና እንጆሪውን ራሳችሁ ጨምሩበት።

5. እህል የሚደበቅባቸው ቦታዎች

ዳቦና ፓስታ ራሳቸውን ይናገራሉ። የሚያስቸግረው ትንንሹ ነገር ነው። የተለመደው ሶያ ሶስ የሚጠመቀው ከሶያና ከስንዴ ነው። ሶሴጅና የሥጋ ኳስ ውስጥ ማያያዣ ዱቄት ይገባል። የታሸገ ሾርባና የሾርባ ኩብ በስታርች ወይም በዱቄት ይወፍራል። ተከትፎ የታሸገ ቺዝ እንዳይጣበቅ የድንች ወይም የበቆሎ ስታርች ይነሰነስበታል፣ ስለዚህ ሙሉውን ገዝታችሁ ቤት ፍቁት። ቤኪንግ ፓውደር ውስጥ ብዙ ጊዜ የበቆሎ ስታርች አለ። የብቅል ኮምጣጤ ከገብስ ነው። "ለውጥ የተደረገበት ስታርች" ብሎ ከምን እንደሆነ ካልነገራችሁ፣ እኔ በበቆሎ ቆጥሬ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። የአጃ ወተት ደግሞ እህል ከመሆኑም በላይ ሲዘጋጅ ስታርቹ በኢንዛይም ይፈርስና ማልቶዝ ይሆናል፤ ስኳር ሳይጨመርበት የሚጣፍጠው ለዚያ ነው።

ካቻፕን ስኳር ውስጥ ቁጠሩት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያው ወደ 4 ግራም ይጠጋል።

6. ጣፋጩን ምን እናድርገው?

ፍራፍሬን አትሽሹ፤ ምረጡት። በ100 ግራም እንጆሪ 5 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ ፖም 10፣ ወይን 16 አካባቢ። ተምርና ዘቢብ ግን ከ60 ግራም ያልፋሉ። ውሃው ወጥቶ ስኳሩ ስለቀረ ነው። ሁለት ተምር መብላት አንድ ነገር ነው፤ አሥራ አምስቱን ፈጭቶ "ከስኳር ነፃ ኬክ" ማለት ሌላ። ማርም እንደዚሁ፣ የተፈጥሮ ነው፣ ጥሩ መዓዛ አለው፣ ግን በ100 ግራም ወደ 82 ግራም ስኳር ነው።

ቸኮሌት ለሚወድ ቀላል ስሌት አለ። 85 በመቶ ካካዋ የሚለው ቸኮሌት ከቀረው 15 በመቶ በላይ ስኳር ሊኖረው አይችልም። 70 የሚለው እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ከ70 ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ውጡ፤ ምላስ ይለምዳል።

ስለ ማጣፈጫዎች ባጭሩ። ኤሪትሪቶልና ስቴቪያ የደም ስኳርን እምብዛም አይነኩም። ማልቲቶል ግን ከስኳር ቢያንስም ከፍ ያደርገዋል፣ ብዙ "ከስኳር ነፃ" ከረሜላና ቸኮሌት ውስጥም ያለው እሱ ነው፤ ሲበዛ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣልም። ዛይሊቶል ቤት ውስጥ ካለ ውሻ እንዳይደርስበት፣ ለውሻ ገዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ለክብደት መቆጣጠሪያ ተብሎ ስኳር አልባ ማጣፈጫ እንዳንጠቀም መክሯል፤ ምክሩ እንደ ኤሪትሪቶልና ማልቲቶል ያሉትን "ስኳር አልኮል" የሚባሉ ማጣፈጫዎች (የሚያሰክር አልኮል አይደሉም) አይመለከትም። የእኔ አቋም፦ ለመሸጋገሪያ ትንሽ ተጠቀሙ፣ ግን ዓላማው ምላሳችሁ ጣፋጭ መፈለጉን እንዲቀንስ ማድረግ ነው።

7. የዱቄት ምትክ ስትገዙ

ሁለት ሳምንቱ ካለፈ በኋላ መጋገር ካማራችሁ የዱቄቶቹን ጠባይ እወቁ። የአልሞንድ ዱቄት ፋይበርና ጥሩ ስብ አለው፣ ስታርቹ ትንሽ ነው። በስንዴው ልክ አድርጋችሁ አንድ እንቁላል ብትጨምሩበት አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል። የኮኮናት ዱቄት ውሃ ይመጥጣል፤ ለአንድ ኩባያ ስንዴ ሩብ ኩባያ ወይም ትንሽ ከዚያ በለጥ ብቻ ይበቃል፣ እንቁላሉና ፈሳሹ ይብዛ። በስንዴው ልክ ካስገባችሁት አሸዋ ትበላላችሁ። የሽምብራ ዱቄት ለቂጣና ለኦምሌት መሰል ነገር ደህና ነው። የካሳቫ ስታርች፣ ታፒዮካ የሚባለውም እሱ ነው፣ ከ100 ግራሙ 88 ገደማው ካርቦሃይድሬት ነው። ለወጥ ማወፈሪያ አንድ ማንኪያ ምንም አይደለም፣ የዳቦ መሠረት ሲሆን ግን ከሸሸነው ነጭ ዱቄት አይሻልም።

የለውዝና የአልሞንድ ዱቄት ዘይታማ ስለሆነ ስቡ ይበላሻል። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፣ ስትከፍቱ አሽትቱ። የቀለም ሽታ ከመጣ ጣሉት።

8. ሥጋ፣ ዓሣና ዘይት

ቤከን፣ ሃም፣ ሳላሚ እህልም ስኳርም የላቸውም ተብለው በዚህ አመጋገብ ላይ በብዛት ይበላሉ። ይህ በጣም ያሳስበኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀነባበረ ሥጋን ለካንሰር ምክንያት ከሆኑት ተርታ መድቦታል። "ናይትራይት (ሥጋ እንዳይበላሽ የሚጨመር ጨው) አልተጨመረበትም" ብሎ ዝርዝሩ ላይ የሴለሪ ዱቄት ካለ፣ ሴለሪ በተፈጥሮው ወደ ናይትራይት የሚቀየር ናይትሬት ስላለው ሥራው ያው ነው። ስኳርም ይገባባቸዋል፤ አንብቡ። የዕለት ተዕለት ፕሮቲናችሁ ትኩስ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣና ጥራጥሬ ይሁን።

ዓሣ ላይ ትንንሾቹን ምረጡ። ሰርዲንና አንቾቪ ሜርኩሪያቸው (መርዛማ ብረት ነው) ዝቅተኛ ነው፤ ሳልሞንም ትንሽ ዓሣ ባይሆን እንደዚሁ። ሻርክና ሰይፍ ዓሣን የመሰሉ ትልልቅ አዳኞች የበሉትን ሁሉ ሜርኩሪ ሰብስበው ይይዛሉ። በጣሳ የምትገዙ ከሆነ በውሃ ወይም በወይራ ዘይት የተያዘውን፣ ዝርዝሩ ዓሣ፣ ውሃ ወይም ዘይት፣ እና ጨው ብቻ የሚለውን ውሰዱ።

ዘይት ላይ አንድ ነገር ብቻ በጥብቅ እላለሁ። "በከፊል ሃይድሮጂን የገባበት" የሚል ካያችሁ መልሳችሁ አስቀምጡ፤ ልብን የሚጎዳው ትራንስ ስብ ነው። ሰንጠረዡ ዜሮ ቢልም እንኳ አትመኑት፤ አሜሪካን በመሰሉ አገሮች በአንድ መመገቢያ ከ0.5 ግራም ካነሰ ዜሮ ተብሎ መጻፍ ይቻላል።

9. እጠቡ

ፍራፍሬና አትክልት በሚወርድ ውሃ እያሻሻችሁ እጠቡ፣ ሳሙና አያስፈልግም። በ2017 የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፖም ላይ ሞክረው ቤኪንግ ሶዳ ያለበት ውሃ ላይ ላዩን ያለውን ፀረ ተባይ ከተራ ውሃ የበለጠ እንደሚያጥብ አይተዋል፤ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ፈጅቷል። ቤት ውስጥ ለአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ብታደርጉ ተቀራራቢ ነው። ወደ ውስጥ የሰረገውን አያወጣም። ኦርጋኒክ መግዛት ከቻላችሁ እሰየው፣ ካልቻላችሁ ደግሞ በእሱ ምክንያት አትክልት እንዳትቀንሱ። ታጥቦ የተበላ ተራ ጎመን "ኦርጋኒክ" ከሚል ብስኩት ይሻላል።

10. በአንድ ቀን ቤቱን አትገልብጡት

አንድ ቅዳሜ ሁሉን አውጥቶ መጣል ደስ ይላል፣ ግን ሰኞ የሚበላ ይጠፋል። በሳምንት አንድ መደርደሪያ ይበቃል። መጀመሪያ የሚጠጡትን፣ ምክንያቱም በትንሹ ድካም ብዙ ስኳር የሚወጣው ከዚያ ነው። ቀጥሎ ቁርስ። ቀጥሎ ሶስና ቅመም። መክሰስ መጨረሻ ላይ ይሁን።

ፈተናችሁን ያለፈውን ምርት ጀርባ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለብቻው ፎልደር አስቀምጡ፤ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ድጋሚ ከማንበብ ያድናችኋል። ፎልደሩን ግን በየሁለት ሦስት ወሩ ከአዲሱ ማሸጊያ ጋር አስተያዩት። አምራቾች አሠራራቸውን ሲቀይሩ የፊቱን ሥዕል እንደነበረ ይተዉታል። እኔ ዓመት ሙሉ የገዛሁት ማዮኔዝ ነበር፤ ዘይት፣ እንቁላል፣ ኮምጣጤ፣ ጨው፣ ሰናፍጭ። አንድ ቀን ፎቶውን ከፍቼ ከያዝኩት ጠርሙስ ጋር ሳስተያየው ሦስተኛ ላይ ስኳር፣ አምስተኛ ላይ የበቆሎ ስታርች ገብቷል። ክዳኑም ቀለሙም ያው ነው። አሁን ማዮኔዙን ቤት እሠራዋለሁ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።